ጥላው የከበደ

ባለፈው እሑድ ለሽምግልና አስኮ ሄጄ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሚስት ሊያጭ ነውና ከተላኩት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ፣ አንዱ የልጅነት ጓደኛዬ ሐጂ ሱልጣን ነበርን። እንደ ወጉ ትንሽ ቆመን ለመንን፣ ትንሽ ተግደረደሩብን፣ ከዚያ ቁጭ በሉ ተባልን። የልጅቷ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦

«እንደ ጋሽ ግርማ ያሉ ጥላቸው የከበደ ሰው ደጄን ረግጠውማ እንዴት እምቢ እላለሁ! ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ይኼ ነው።»

ሰዉ ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ምንጣፉን አየሁ። ትሕትና መሰላቸው። ኧረ ምን ትሕትና! ሐፍረት ነው እንጂ። ይቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊቴን እንደ በርበሬ ስታቃጥለው ኖራለች።

መቼም አማርኛችን ጉደኛ ነው። ያከበርነውን ሰው ጥላው ከባድ ነው እንላለን፤ ዓይኑን ማየት ያስጠላንን ደግሞ ጥላ ቢስ። ጥላ በምን ሚዛን ተመዝኖ ከበደ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አየር ጤና መገንጠያው አጠገብ ባለች የብየዳ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ከድር ለአረፋ አገራቸው ስልጤ ሲሄዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። አቤት የዚያን ሳምንት ጥጋቤ! ጓደኞቼ ሊቀልዱብኝ «ኢንጂነር» ይሉኛል፤ እኔ የምር አድርጌው «አቤት» እላለሁ።

ሥራችን በር፣ መስኮት፣ አጥርና የጭነት መኪና ሳንቃ ነበር። በእኛ ቤት ሥራ አለቀ የሚባለው ሲረገጥ ነው። በር ከሆነ መሬት ላይ አስተኝተን፣ ጣሪያ ከሆነ ላዩ ላይ ወጥተን ሁለት ሆነን እንዘልበታለን። ያልጎበጠ እንደሆነ ተመርቋል፤ ደንበኛው በደስታ ይዞት ይሄዳል። ከባድ ማለት ጥሩ ማለት ነው። እኔ ሌላ ዓይነት ጥሩ አላውቅም ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ ማቃጠል ጀምራለች። አንድ ቀን ጠዋት እኛ ፉላችንን በአንድ ሳህን ከብበን ስንበላ አንድ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቆሙ። በእጃቸው የተጠቀለለ ገመድ ይዘዋል።

«ጀልባ አለኝ» አሉ። «ዝዋይ። ትንሽ ናት፣ በሞተር ትሄዳለች። ላይዋ ባዶ ነው። ፀሐይ ሰው ይበላል። ጥላ ሥራልኝ።»

«ምን ችግር አለው አባባ! በሦስት ቀን!»

«ግን ጥላው ከባድ አይሁን» አሉኝ። «ጥላው ቀላል ይሁን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጓደኛዬ ፉሉ ትን አለው። እኔ ቁልፍ የያዝኩ ሰው አይደለሁ፣ ከሳቁ ላይ ልጨምርበት ፈለግሁ።

«አባባ፣ ጥላ ቢስ ሊሆኑልን ነው እንዴ?» አልኳቸው። «አማርኛው እንደሱ አይደለም። ሰው ሲመረቅ ጥላህ ይክበድ ነው የሚባለው። ይበሉት እስቲ፤ ጥላው ይክበድ!»

«ጥላው ይክበድ» አሉ እንደ ተማሪ። እኛ ስንስቅ እሳቸውም አብረውን ሳቁ። አማርኛ ለእሳቸው ሁለተኛ፣ ምናልባትም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። እኔ አስተማሪው ከአማርኛ ሌላ አንድም ቋንቋ አልችልም።

ሳቁ ሲበርድ ግራ እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸውን ጀልባ አደረጉት። በላዩ ላይ የቀኝ እጃቸውን ጡጫ ጫኑበትና መዳፋቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ። «ውሃ ከባድ ራስ አይወድም» አሉኝ። ቀጭን ቱቦ፣ ላዩ ላይ ሸራ፣ በቃ። ገመዱን ፈትተው አሳዩኝ፤ አንዱ ቋጠሮ የጀልባዋ ርዝመት፣ አንዱ ስፋቷ፣ ሦስተኛው ቁመቱ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ራስ እንዳይነካ ብቻ። ልጃቸው እዚያው ዝዋይ ከተማ ወልዳለች። አራስ ቤቷን ስትጨርስ እሷንና ሕፃኗን ሐይቁ ውስጥ ወዳለው ደሴት፣ ወደ ቤታቸው ሊወስዱ ነው። ረጅም መንገድ ነው፣ ፀሐዩ ከላይም ከውሃውም ነው የሚመጣው፤ ለጨቅላ አይሆንም። ጥላውን የፈለጉት ከምንም በላይ ለዚህ ነበር።

ይኼን ሁሉ ነገሩኝ። አልሰማሁም ማለት አልችልም፤ ሰምቻለሁ።

እሳቸው ሲሄዱ ግን «ሸራማ የሰርግ ድንኳን ነው» አልኩ። የኮልፌ ልጅ ለጀልባ ሸራ ሰፍቶ ላከ ይባል? አራት እግር ከወፍራም የብረት ቱቦላሬ ቆረጥኩ። ላዩን ላሜራ አለበስኩት። ሦስተኛውን ቋጠሮ ናቅኩት፤ ሰው ቆሞ ካልሄደበት ምኑን ቤት ሆነ ብዬ በእኔ ቁመት አደረግኩት። ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ ሁለት ሆነን ላዩ ላይ ወጣንና ዘለልንበት። ፍንክች አላለም። ጀልባ በውሃ ላይ ቆማ እስከዚያ ቀን ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀኑ ሲደርስ በአይሱዙ ጭነነው እኔ ጋቢና ገባሁ። ከሞጆ ወዲያ አየሩ ሞቀ። መቂ ላይ ቲማቲም በሣጥን በሣጥን መንገድ ዳር ተደርድሮ፣ ሽንኩርቱ ሸቶ፣ እኔ ክርኔን በመስኮቱ አውጥቼ እንደ ሚኒስትር እሄዳለሁ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሽማግሌው ቀድመው ይጠብቁኝ ነበር። በቀጥታ ወደ ሥራ አላስገቡኝም፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ከዳጣ ጋር አስቀርበው፣ እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ አጎረሱኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችን ቆመው የዓሣ ጭንቅላት ይጠብቃሉ። ልጃቸው ትንሽ ራቅ ብላ ከግራር ሥር ተቀምጣለች። ሕፃኗን በነጠላ ሸፍናታለች። ባሏ፣ ጎረቤቶቻቸው፣ ሌሎች ባለጀልባዎችም መጥተዋል፤ አዲሱን ጥላ ሊያዩ።

ጣሪያውን ለስድስት ተሸክመን ወደ ጀልባዋ አመጣነው። ለስድስት! ያኔ እንኳ አልገባኝም። በብሎን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩትና ወደ ኋላ ብዬ አየሁት። ጀልባዋ ከመጀመሪያው ዝቅ ብላለች። ሽማግሌው ጠርዙን በእጃቸው ከፍ ለማድረግ ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው።

«ከብዷል፣ ልጄ።»

«ይክበድ እንጂ አባባ! ምን ተባብለን ነበር?»

ፊቴን ትንሽ ካዩ በኋላ «የብረት ሰው አንተ ነህ፤ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

ይኼን ጊዜ ነው የባሰውን ያደረግኩት። ወደ ግራሩ ዞሬ «እናትየው ከነልጇ ትግባና ትመርቅልን!» ብዬ ተጣራሁ። ልጅቷ ተነሣች። ሕፃኗን አቅፋ ጥቂት እርምጃ እንደመጣች አባቷ እጃቸውን አነሡና «ቆይ» አሏት። «አንቺ ቆይ። መጀመሪያ እኛ።»

ሁለታችን ብቻ ገባን። ሞተሩ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ እንደሚነሣ እዚያ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። ዳር ያለው ሰው እንዲያየኝ ቆሜ አንዱን ቋሚ ጨበጥኩና በሙሉ ኃይሌ ነቀነቅኩት።

«አይነቃነቅም!» ብዬ ጮህኩ።

እውነትም ብረቱ አልተነቃነቀም። የተነቃነቀችው ጀልባዋ ናት። ሽማግሌው ሊያዞሯት ሲሉ ነፋሱ ላሜራውን ያዘው፣ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ ከዚያ ሳይቸኩል፣ ከብት ጋደም እንደሚል፣ ጀልባዋን ይዟት ተኛ። እኔ ውሃ ውስጥ ነኝ። ዋና አልችልም። ውሃው ለካ ደረት ድረስ ነው፤ እኔ ግን እንደ ሰመጠ ሰው እየተንፈራገጥኩ ውሃ ስውጥ ሽማግሌው ኮሌታዬን ይዘው አቆሙኝ።

«ውሃ ዋጥክ?» አሉኝ። ሞተራቸው ውሃ ገብቶበት፣ ጀልባቸው ተገልብጣ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይኼንን ነው።

ዳር ስንወጣ ጫጫታ ነው። የሕፃኗ አባት አማቱ ላይ ጮኸ፤ በቋንቋቸው ነበርና ቃሉን አልያዝኩትም፤ እጁ ግን አንዴ ወደ ሕፃኗ፣ አንዴ ወደ ጀልባዋ ይጠቁማል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፦

«ማነው ይኼን ሁሉ ብረት ጫን ያለህ? ልጄ እኮ እዚህ ውስጥ ልትሆን ነበር!»

አፌን ከፈትኩ። «እሳቸው ቀላል ነው ያሉኝ፤ ያከበድኩት እኔ ነኝ።» ማለት የነበረብኝ ይኼው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር። ግን ሰዉ ከቦኛል፣ ፈርቻለሁ፣ ጋሽ ከድርም ኋላ ይሰማሉ፤ አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሽማግሌው ፀጥ ማለቴን አዩ። ልብሳቸው እየተንጠባጠበ በእኔና በአማቻቸው መካከል ገብተው ቆሙ።

«ልጁን ተወው» አሉ፣ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ጥላው ይክበድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ያስተማርኳቸውን አማርኛ አንድ ፊደል ሳይስቱ ተናገሩት።

ባለጀልባዎቹ ሳቁ። እኚያን የመሰሉ በውሃ ላይ ያረጁ ሰው፣ ጀልባቸው ላይ የብረት ቤት ያሠሩ ሞኝ ሆነው በአገራቸው ሰው ፊት ቆሙ። በእሳቸው ጀልባ ወደ ደሴቱ ሊሳፈሩ የመጡትም ጓዛቸውን እየያዙ ወደ ሌላ ጀልባ ሄዱ። ልጃቸውም በሰው ጀልባ፣ ያለ ጥላ፣ ነጠላዋን ሕፃኗ ላይ ዘርግታ ሄደች። አባቷን ዞር ብላ አላየቻቸውም። እኔን አየችኝ። የምታውቅ ይመስለኛል።

ሽማግሌው መኪና ድረስ ሸኙኝ። «ለእናትህ» ብለው በሣር የታሰረ ዓሣ ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። ጋሽ ከድር ከአረፋ ሲመለሱ ነገሩን ከጓደኞቼ ሰምተው «የጀልባው ሰውዬ እንዴት ሆኑ?» ሲሉኝ «ወደዱት» አልኩ። ዓሣውን እናቴ ጠብሳው ሁላችንም በልተነዋል።

ከዚያ ወዲህ የራሴን የብየዳ ቤት ከፍቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ሰው አስታርቄያለሁ። ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። አንድም ቀን ወርጄ አልጠየቅኩም።

እሑድ ከአስኮ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ይኼን ሁሉ ለሐጂ ሱልጣን ነገርኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። የሙስበሐውን ፍሬ እየቆጠረ ሰማኝ።

«ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸዋ» አለኝ።

«ዛሬ በሕይወት የሚኖሩ ይመስልሃል?»

«ልጃቸው አለች። ያቺ ሕፃንም ይኼኔ የልጆች እናት ናት። ለእነሱ ትናገራለሃ! ከፈለግህ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ሐይቁ ዳር ሄደን የእገሌ ቤተሰብ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየው ማን ይባሉ ነበር?»

ዞሬ በመስኮት አየሁ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ደርሰናል፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ይጣራል። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ስንት ሰው በስማቸው ሲጠራቸው ሰምቻለሁ፤ አልያዝኩትም። እኔ ራሴማ አባባ፣ አባባ ስል ውዬ፣ ዓሣቸውን ጎርሼ፣ ከውሃ አውጥተውኝ፣ ስምዎ ማን ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

«ግርማ፣ ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ ሐጂ እንደገና።

«አላውቀውም» አልኩት።