በትንፋሽ የተመለሰ እሺታ

እታባ በግራ እጇ የአንሶላውን ጫፍ ወጥራ፣ በቀኟ ካውያውን ከዳር እስከ ዳር ትነዳዋለች። ከስፌቱ ሥር የተደበቀች ሽብሽብ እንኳ አታመልጣትም። ባገሯ ሳለች የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ልብሱን የሚያስተኩሰው እሷ ዘንድ ነበር። ሰው አገር ስትመጣ ግን እጇ ተሻገረ እንጂ አፏ አልተሻገረም፤ የያዘችው ቋንቋ ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነው።

ይህን የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ያገኘችላት የአክስቷ ልጅ ናት። ለሙከራ አስገብተዋታል፤ ከወደዷት ትቀጠራለች። ከተቀጠረች የራሷን ክፍል ተከራይታ፣ እናቷ ዘንድ የተወቻትን ልጇን ታስመጣለች። እስከዚያው ግን በአክስቷ ልጅ ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ነው የምታድረው። የቤቱ አባወራ ጠዋት ጠዋት ፍራሹን በጫማው ነካ እያደረገ «አይዞሽ፣ ተኚ» ይላታል፤ ጫማው የሚለው ግን ተነሺ ነው።

አለቃዋ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ፣ ልቧ ግን ደህና የሆነ ሴት ነበረች። እታባ መጀመሪያ የገባች ለት የትራስ ልብስ አስተጣጠፍ አሳየቻትና በምልክት ገባሽ ወይ አለቻት። እታባ ነገሩ ገብቷት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ባገሯ ይህ «አዎ» ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። አለቃዋ ግን ካውያው የፈጃት መስሏት እጇን አፈፍ አድርጋ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ደቀነችው። እታባም መታጠቡ የሥራው ደንብ ይሆናል ብላ ሌላውን እጇን ጨመረችላት።

በሌላ ቀን ደግሞ ስትጠየቅ ሳብ አደረገች፤ መስኮት ተከፈተላት። ቀጥሎ ወንበር መጣላት። ማታ ለአክስቷ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት ያሉ እንግዳ አክባሪ ናቸው ብላ አወራች።

በሳምንቱ መጨረሻ ግን አለቃዋ ካውያውን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችባት። በጣቷ የእታባን ደረት አሳየቻት፣ በሩን አሳየቻት፣ ራሷንም ነቀነቀች። እታባ በሩ ገባት፤ ደረቱ አልገባትም። አንድም አንሶላ አላቃጠለችም። ካፖርቷን ለብሳ፣ የአክስቷ ልጅ ልትወስዳት እስክትመጣ ድረስ በሩ ሥር ቆመች።

የአክስቷ ልጅ መጥታ ከአለቃዋ ጋር በአገሩ ቋንቋ ተነጋገረችና ወደ እሷ ዞረች።

«እታባ፣ ደረትሽን ያምሻል እንዴ? ትንፋሽ ያጥራታል፣ እንፋሎቱ ይገድልብኛል እያለች ነው።»

«የኔን ደረት? በሬ ቢያርስበት አይሰማውም። ሥራዬን ጠልታው ከሆነ ትንገረኝ፣ በበሽታ አታሳብብ።»

የአክስቷ ልጅ እያዳመጠች ትንፋሿን ሳብ አደረገች። አንዴ ብቻም አይደለም፤ ሳብ፣ ደግሞ ሳብ። አለቃዋ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፤ ከዚያ አዘነችና በሽታው የዘር ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

ለአክስቷ ልጅ ነገሩ ያኔ በራላት። ጠረጴዛ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሲወጣላት ለሁለቱም በየቋንቋቸው አስረዳች። አለቃዋ አልሳቀችም። ቅርጫት ሙሉ አንሶላ አሸክማ እታባን ደረጃውን አስወጣቻትና፣ ስትወርድ ጆሮዋን አስጠግታ ትንፋሿን አዳመጠች። ከዚያ ካውያውን መልሳ አስጨበጠቻት።

«ነገ ትመጫለሽ?»

የአክስቷ ልጅ ይህን ተረጎመችላት። እታባ ትንፋሿን ልትስብ ስትል የአለቃዋን ዓይን አየችና ተወችው። የአገሩን «አዎ» ከአክስቷ ልጅ አፍ ተቀብላ፣ መንገድ ማዶ እስኪሰማ አለችው።

ዛሬ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ልጇ ግን መጥታ አብራት ትተኛለች። አለቃዋም ትንፋሽ መሳቡ ተጋብቶባት፣ ባሏ ሐኪም ካላሳየሁሽ እያለ ያስቸግራታል አሉ።

እናንተ በሰው አገር ቀድማችሁ የኖራችሁ፣ አደራችሁን፤ አዲስ የመጣች ሴት ቤታችሁ ብታርፍ፣ ሥራ አገኘሁላት ብላችሁ አትተዋት። አንድ ቀን ከምትሠራበት በር ድረስ ሄዳችሁ፣ እንዴት ናት ብላችሁ ጠይቁላት።