ምሽግ ያሉት ቤት

ፖሊሶች ሲይዙኝ የእጄን ጭቃ እንኳ አልታጠብኩም። ድሬዳዋ፣ ከመጋላ ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ጎርፍ ቤቷን ለወሰደባት የሦስት ልጆች እናት ቤት እየሠራን ነበር። የማዳበሪያ ጆንያ አፈር ሞልተህ ትደረድራለህ፣ ትጠቀጥቃለህ፤ ጆንያው እንዳይንሸራተት በየድርድሩ መሃል እሾሃማ ሽቦ ታነጥፋለህ። ወቅቱ ደግሞ የአፈሳ ነው። ጆንያና ሽቦ አንድ ላይ ሲያዩ በቃ፣ ምሽግ አሉት። እኔም ምሽግ ሠሪ ሆንኩላቸው።

ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከላይ የድሬ ፀሐይ፣ ከታች የሰው ላብ፤ እግር መዘርጊያ የለም። እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው፤ የሴትዮዋ ቤት ግድግዳ አልተመረገም። ያልተመረገ ጆንያ ፀሐይ ይበላዋል፣ አፈሩም ይፈሳል።

«ምሽጉ ለማን ነው?» አለኝ መርማሪው።

«ቤት ነው።»

«ሽቦውስ?»

«ጆንያውን ለመያዝ ነው። ኧረ በፈጠረህ፣ እኔን እዚሁ ያዙኝ፤ ግድግዳውን ብቻ ሰው ይመርገው!»

«ምሽግ ነው በልና እንጨርስ።»

«ቤት ነው አልኩህ።»

በየቀኑ ይሄው ነው።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ግቢውን ሞልቶ ቢሮው ውስጥ መግባት ሲጀምር፣ መርማሪው ሱሪውን ጠቅልሎ መጣ።

«አንተ፣ ና ውጣ! ጆንያ መደርደር ታውቃለህ አይደል?»

ኧረ ጉድ! በሩ ላይ ደረደርኩላቸው። ሽቦ ስጠይቅ ኤግዚቢት ብለው ያስቀመጡትን የራሴኑ ሽቦ አመጡልኝ። ውሃው ቆመ።

«በቃ፣ ግባ» አለኝ።

«ጭቃና ጭድ አምጡልኝ። ሳልመርግ አልገባም።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ምሽግ አይመረግም። የሚመረገው ቤት ነው።»

ጭዱን አስመጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ምሽግ አልጠየቀኝም።

ያለ ክስ ለቀቁኝ። በቀጥታ ወደ ሥራዬ ቦታ ሄድኩ። ጆንያው ተበጣጥሷል፣ አፈሩ ተዘርግፏል፤ እናትየዋ ከነልጆቿ አሁንም ላስቲክ ውስጥ ናት።

ጣቢያው በር ላይ የመረግኳት የጆንያ ግድግዳ ግን እስከ ዛሬ አልተነቃነቀችም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እበግናለሁ።

አሁን የሴትዮዋን ቤት እንደገና ጀምረናል። ትናንት ሽቦውን ስተረትር ፊቷ ተለዋወጠ።

«አቦ ወንድሜ፣ ሽቦው ቢቀርስ? ደግሞ እንዳይወስዱህ።»

«ሽቦ ከሌለው ልጆችሽ ላይ ይወርዳል» አልኳት።

ሻርፗን እጇ ላይ ጠቅልላ የሽቦውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘችልኝ።