አልጋ አለቅም ያለው ባለቤቴ

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ምርጫ ደርሶ ሰው ሁሉ በጎራ በተከፋፈለበት ሰሞን፣ እዚሁ መቱ ነው። ደግነት በሽሙጥ ተጠቅልሎ ሊመጣ እንደሚችል ያየሁት ያኔ ስለሆነ አልረሳውም።

ባለቤቴ ሽፈራው ሆዱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ "ተነስተው ካልተራመዱ ሌላ ጣጣ ይመጣብዎታል" አለው። እሱ ግን ሕመሙን ፈርቶ ንቅንቅ አልልም አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አጠገቡ የተኙት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የሁሩሙ ሰው ነበሩ። ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ከዛፍ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ባለቤቴ የመንግሥት ደጋፊ፣ እሳቸው ደግሞ የለየላቸው ተቃዋሚ። በሬዲዮ ዜና ተጣልተው ሰላምታ እንኳ አቁመዋል። እኔና ሚስታቸው ብቻ በዓይን እየተጠቃቀስን ምግብ እንካፈላለን።

አንድ ቀን ኦቦ ገመቹ ልመናዬን ሲሰሙ ቆዩና ክራንቻቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

"ካኢ! ተነሱ እንጂ አቶ ሽፈራው! ፓርቲዎ ሥልጣን አለቅም አለ፤ እርስዎ ደግሞ አልጋ አለቅም አሉ!"

በሽተኛው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ፊቱ ቀላ።

"እስቲ ድገመው!"

"በሩ ጋ ሆኜ ነው የምደግመው። ይምጡ!"

ሆዱን ደግፎ ተነሳላችሁ! እኔ ክንዱን ይዣለሁ። ኦቦ ገመቹ በክራንች ቀደም እያሉ ስለ መንገዱ፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ ይነዘንዙታል፤ እሱ እያቃሰተ ይመልሳል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ኮሪደሩ አለቀ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ቆይ፣ በዚህ ዕድሜህ ዛፍ ላይ ምን አወጣህ? ልጅ የለህም?" አላቸው ባለቤቴ።

"አለኝ። እሱም እንደ አንተ ነው። በዚሁ ፖለቲካ ተጣልተን ዝም ተባብለን ቀረን። ጭቅጭቁን እችለው ነበር፤ ዝምታው ነው የጎዳኝ። አንተ እንኳ ዝም አትበለኝ፣ ወንድሜ።"

ባለቤቴ ስለ ቀፎውና ስለ ማሩ ጠየቃቸው። ማታ ላይማ ራሱ "ገመቹ፣ ወደ ኮሪደሩ አንሄድም እንዴ?" ሲል ጆሮዬን አላመንኩም።

ዛሬም አንዳቸው ሌላውን አላሳመኑም። የኦቦ ገመቹ ልጅ እስካሁን አልታረቃቸውም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ባለቤቴ ግን ድኖ ሱቁን ከፍቷል። ከኦቦ ገመቹ ጋር ሲደዋወሉ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሰው የተጣላ መስሎት ሊገላግል ይመጣል። ድሮ እኔም "ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል" እለው ነበር። አሁን በሙሉ ትንፋሹ ሲጮህ ስሰማ፣ ኦቦ ገመቹ ዕድሜ ይስጥዎት እላለሁ።