እህቴ ያሸነፈችባቸው እሑዶች

እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እህቴ ስንዱ በቴሌቪዥን ታየች። ዛሬ ይህ ምንም አይደለም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ራሱን ሲቀርጽ ይውላል። ያኔ ግን በከተማችን በመሐል ሜዳ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በቴሌቪዥን የሚታየውም ወይ ባለሥልጣን ነው፣ ወይ ዘፋኝ፣ ወይ ኳስ ተጫዋች። የእኛ ሰፈር ልጅ፣ ያውም የቄስ ልጅ፣ እዚያ ተቀምጣ ስሟ ሲጠራ ማየት ጉድ የሚያሰኝ ነገር ነበር።

የቃልና የቁጥር ውድድር ነው። ለተወዳዳሪዎቹ የተዘበራረቁ ፊደላት ይሰጧቸዋል፤ ከእነዚያ ረዘም ያለ ቃል ያወጣ ነጥብ ያገኛል። ቀጥሎ ስድስት ቁጥሮች ይቀርባሉ፤ ደምሮ፣ ቀንሶ፣ አባዝቶ፣ አካፍሎ ዳኛው የጠራው ቁጥር ላይ መድረስ ነው፣ ሰዓቱ ሳያልቅ። ያሸነፈ ሰው ሻምፒዮን ተብሎ በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳል፤ የሚጥለው እስኪመጣ ድረስ።

ስንዱ ቁጥሩን ከአባባ ነው የወረሰችው። አባባ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ነበሩ፤ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ የሚናገሩ ቄስ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ይህንኑ ለስንዱ አስተማሯት። እኔንማ ሁለተኛው አንጓ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጥር ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ የኩበት እሳት ዙሪያ ተኮልኩለን፣ እማዬ የበግ ጸጉር ትፈትላለች፣ አባባ ቁጥር ይጠራሉ፣ ስንዱ ትመልሳለች። ዛሬም የእርጥብ ጸጉርና የኩበት ጭስ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ የማባዛት ሰንጠረዥ ትዝ ይለኛል። ቀን ቀን ደግሞ መናኸሪያ ይዛኝ ሄዳ ከደብረ ብርሃን የሚመጡትን ሚኒባሶች ታርጋ ታስነብበኝ ነበር። "ሙሉዬ፣ በይ ከዚህ ውስጥ መቶ አውጪ" ትለኛለች። እኔ ጣቴን ስቆጥር እሷ ጨርሳ ሌላ ታርጋ ላይ ናት።

አሥረኛ ክፍል ስትደርስ የሒሳብ መምህሯ ለውድድሩ አስመዘገባት። ደብረ ብርሃን ሄዳ ተፈትና አለፈች፤ ለቀረጻ አዲስ አበባ ትምጣ ተባለ። አባባ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። እማዬ ግን እንዝርቷን አስቀመጠችና፣ "እኔ ልጄን አገር ፊት አላቆምም" አለች። "የሚያያት ሁሉ ያደንቃታል፤ ያደነቀ ሁሉ ግን 'ከዓይን ያውጣሽ' አይልም።" ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ሙግት ሆነ። በመጨረሻ አባባ አሸነፉ፤ እማዬ ግን ሰበብ መፈለጓን አልተወችም። ስንዱ ካስነጠሰች፣ "ይኸው፣ አሟታል፤ ይቅር" ነው።

ስንዱ ውሃ ማብዛት የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ከቦኖ ጀሪካን ተሸክመን ስንመለስ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አውርዳ ትጠጣለች፤ ጎንበስ ብላ፣ በጀሪካኑ አፍ፣ ትን እስኪላት ድረስ። ከዚያ ለሽንት ወደ አጥር ጥግ ዞር ትላለች። ቤት ስንደርስ ደግሞ እንደገና። እኔ ሳቅሁባት፤ ግመል አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"እማዬ ካወቀች አታስሄደኝም። በይ ማይልኝ። 'ስንዱ ትሙት' በይ።"

"ስንዱ ትሙት፣ አልናገርም" አልኩ።

መቼም መሐላችንን ታውቁታላችሁ፤ የሚጸናው በሚወዱት ሰው ሞት ሲሆን ነው። ትልልቁ ሰው በቀን አሥር ጊዜ "እከሌ ይሙት" ሲል ይውላል፣ ማንም አይሞትም። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ደግሞ መሐላውን ያፈረሰ ምን እንደሚያገኘው ለሕዝብ የሚያስተምሩ ቄስ ናቸው። አፌን ከከፈትኩ ስንዱ የምትሞት መሰለኝ። መምሰል ብቻ አይደለም፣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከአባባ ጋር አዲስ አበባ ሄደው በሳምንቱ ተመለሱ። አምስት ውድድር በተከታታይ ተቀርጿል፤ በየእሑዱ አንድ አንዱ ይተላለፋል፤ ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ቀረጻ ይጠሯታል። ውጤቱን ለማንም እንዳይናገሩ አስፈርመዋቸው ነበር። አባባ ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ ይላሉ እንጂ ትንፍሽ አላሉም። ለእሳቸው ያ ዝምታ ከቅዳሴ መቆም ይልቅ ይከብዳቸው እንደነበር ያስታውቃል።

ጋሽ ሰይድ የሚባሉ፣ ከቆላ ወጥተው እኛ ከተማ ሻይ ቤት የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። በመጀመሪያው እሑድ ሻይ ቤታቸው መቆሚያ ጠፋ። እኛ ልጆች ጠረጴዛ ሥር ገብተን አየን። እማዬ ቤት ቀረች። ስንዱ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ቁጭ ብላለች። ሰባት፣ አምሳ፣ ዘጠኝ፣ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚሉ ቁጥሮች መጡ፤ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት አውጡ ተባለ። ተፎካካሪዋ፣ መነጽር ያደረገ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ገና ወረቀቱን ሲያስተካክል ስንዱ እጇን አነሣች። "ሰባት ጊዜ አምሳ፣ ሦስት መቶ አምሳ። ዘጠኝና አምስት አሥራ አራት፣ በአንዷ አሥራ አምስት። ሁለቷን አልፈለግኋትም" አለች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ዝቅ ብላ፣ "ከነጳጉሜኗ ዓመቷ ሞላች" ብላ ጨመረች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጋሽ ሰይድ፣ "ማሻአላህ! ማሻአላህ በሉ እንጂ ጎበዝ፣ ዓይን አታግቡባት!" እያሉ ለቤቱ ሁሉ ሻይ አዞሩ። እውነተኛዋ ስንዱ ጥግ ላይ በነጠላዋ ተሸፍና፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

በሁለተኛውም እሑድ አሸነፈች፣ በሦስተኛውም። ግን አንድ ነገር ሰዉን ያስፈራው ጀመር። ቴሌቪዥን ውስጥ ያለችው ስንዱ ጉንጯ ሙሉ ነው፤ ቤት ያለችው በየሳምንቱ ታልቃለች። እዚያ ልክክ ያለባት ሰማያዊ ሹራብ እዚህ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። በሦስተኛው እሑድ ሻይ ቤት ድረስ መሄድ እንኳ አቃታት። ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል፤ የአገር ዓይን በልቷታል። እማዬ፣ "ብዬ ነበር" እንኳ አላለችም። ለአባባ ይህ ከጩኸት ይብስባቸው ነበር።

የቀበሌያችን ጤና ባለሙያ ልታያት መጣች። "መቼ ነው የጀመራት?" ስትል ሁሉም፣ "በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረች ወዲህ" አሉ። "ከዚያ በፊትስ?" ስትል አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሙሉ፣ አብረሻት የምትውዪው አንቺ ነሽ። አዲስ አበባ ሳንሄድ በፊት የሚያማት ነገር ነበር?"

ስንዱን አየኋት። መደቡ ላይ ተኝታ እሷም ታየኛለች። ተናገሪም፣ አትናገሪም አላለችኝም። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ባወጣ፣ ማንም ሳያያት በፊት እንደጀመራት ባወቁ ነበር፤ የዓይን ነገር ያኔውኑ ይወድቅ ነበር።

"አልነበረም" አልኩ።

ባለሙያዋ ለማንኛውም ደብረ ብርሃን ወስደው ያስመርምሯት ብላ ሄደች። አባባ ግን፣ "ዓይን ከሆነ መድኃኒቱ ጠበል ነው። የሰባት ቀን ሱባኤዋን ትጨርስና እወስዳታለሁ" አሉ።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ከሞላሌ ወዲያ ወደሚገኝ ጠበል ወሰድናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ጠበሉን ግን እንደ ልቧ ትጠጣለች። በጣሳ እቀዳላታለሁ፣ ትጨርሳለች፣ ድገሚኝ ትላለች። አብረውን ያሉት ሴቶች፣ "እንዴት ያለች ባለ እምነት ናት! ጠበሉ ወዷታል" እያሉ ያደንቃሉ። አባባ ይህንን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ያቀራል፣ ከደስታ። እኔም ደስ አለኝ፤ ዝም በማለቴ ያዳንኳት መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር፤ አፏም የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል ሽታ አመጣ። ጠበሉን የሚያጠምቁት ሽማግሌ መነኩሴ አባባን ለብቻ ወስደው፣ "ቄስ፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው። ዛሬውኑ ያውርዷት" ሲሏቸው ሰምቻለሁ። አባባ፣ "አባቴ፣ ሁለት ቀን ነው የቀራት፤ ሱባኤ አይቋረጥም" አሉ። እሳቸውም ከእሷ እኩል እየጾሙ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጧት ጣሳውን ሞልቼ ሳመጣላት አልቀበል አለችኝ። ጥሟ ለቀቃት ብዬ እየሮጥኩ ለአባባ የምሥራች ነገርኳቸው። ቀትር ላይ አረፈች።

በተቀበረች በሦስተኛው ቀን እሑድ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ሻይ ቤቱን ከፍተው ቴሌቪዥኑን ግን ሳይከፍቱ ተቀምጠው ነበር። እማዬ ከለቅሶ ቤት ተነሥታ፣ እኔን በእጇ ይዛ ገባች። ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ እዚያ ሄዳ አታውቅም።

"ጋሽ ሰይድ፣ ልጄን ያሳዩኝ" አለች።

ወንዶቹ ተነሥተው ወንበር ለቀቁልን። አምስተኛው ውድድር ነው። ስንዱ አጠገቧ ያለውን ብርጭቆ አንሥታ ጨለጠችው። ተሞላላት፤ እሱንም ጨለጠችው። አቅራቢው ፈገግ ብሎ፣ "ሻምፒዮናችንን ዛሬ ጠምቷታል" አለ። ቤቱ ያለው ሰው በሙሉ አየ፣ የሰማም ሰማ፤ ልብ ያለ ግን የለም። ያንን ውሃ ስትጠጣ አገር ገና አላያትም ነበር። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁንም አልተናገርኩም። ስንዱ አሸነፈች። አቅራቢው እጇን ጨብጦ፣ "በሚቀጥለው ዙር እንገናኛለን" አላት። እማዬ ተነሥታ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ይዛኝ ወጣች።

ነገሩ በቅጡ የገባኝ ደብረ ብርሃን መምህርነት ስማር ነው። አብራኝ የምትኖር ልጅ ስኳር ነበረባት፤ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። አንድ ቀን እንዴት እንደጀመራት ስታጫውተኝ፣ "ውሃ፣ ውሃ ብቻ። ከዚያ ሽንት፤ ከዚያ መክሳት" አለች። ጨዋታዋን ሳላስጨርሳት ከክፍሉ ወጣሁ፤ ግቢው አጥር ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን መሐል ሜዳ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ስኳር አለባት፤ ቁርስ ሰዓት ላይ መርፌዋን ተወግታ ገመድ ልትዘል ትወጣለች። ሰው ይህንን ሲያይ፣ "ዘመን ደጉ" ይላል። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ መርፌው ያኔም ነበር፣ ደብረ ብርሃን፣ በሚኒባስ ተሄዶ የሚደረስበት ቦታ።

አባባ ዓምና አረፉ። የአገር ዓይን ልጃቸውን እንደበላባቸው አምነው ሄዱ፤ እሳቸው በሕይወት እያሉ ለመናገር ወኔ አልነበረኝም። ከአርባቸው በኋላ፣ ከእማዬ ጋር ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ውሃውን፣ መሐላውን፣ "አልነበረም" ያልኩትን። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "እኔ ጸጉር ስፈትል፣ ከኋላዬ ስትጠጣ ነበር?" አለች። አዎ አልኳት።

እስከዚያ ቀን ድረስ እማዬ የስንዱ ስም በተነሣ ቁጥር፣ "ያየብኝን ዓይን እሳት ይብላው" ትል ነበር። ስታነሣው የኖረችው እርግማን ይህ ብቻ ነው። አሁን ትታዋለች። እኔንም አልረገመችኝም፤ ምሳ ስታቀርብልኝ እንኳ ድምጿ እንደ ወትሮው ነው። ልጅ ሆኜ ቁጣዋን እንዴት እፈራ ነበር! ዛሬ ግን ጎልማሳ ሴትዮ ሆኜ ፊቷ ቁጭ እላለሁ፣ ምነው በተቆጣችኝ እያልኩ።