የሙሴ ኤሚል መርዶ

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። አቃቂ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተሳቢዬን አቁሜ ጎሚስታው ጎማ እየለጠፈልኝ... አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ፈረንጅ ሴትዮ አሮጌ ፎቶ ይዘው መንገደኛውን ሁሉ ያስቆማሉ። የሚረዳቸው የለም፣ የሚያወሩት ፈረንሳይኛ ነው።

ጎሚስታው ደግሞ ምላሱ አያርፍም። «ይሄ ሹፌር ጅቡቲ ነው የሚመላለሰው፣ እሱ ይችላል!» ብሎ በጣቱ ጠቆመብኝ።

እችላለሁ እንዴ! የኔ ፈረንሳይኛ ከወደብ የተለቃቀመ ነው። «ወረፋ ያዝ»፣ «ነገ ና»፣ «ማህተም የለውም»... ከዚህ ብዙም አያልፍም። ግን እናቴን የሚያህሉ ሰው ፊቴ ቆመው እንዴት እምቢ ይባላል?

ማዳም ሶላንዥ ይባላሉ። ቀስ እያሉ፣ በእጃቸውም እያገዙ ነገሩኝ። ፎቶው ላይ ያለው ባለባርኔጣ አያታቸው ነው፣ ኤሚል ይባላል። ጅቡቲ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በሆነችበት ሰሞን ሄደው ከሰፈሩት ፈረንሳዮች አንዱ ነበር። እዚያው አገባ፣ ወለደ። የባቡሩ ሥራ ወደ እኛ አገር ሲገፋ አብሮ መጣ። ሚስቱንና የሦስት ዓመት ልጁን «ቤት ሠርቼ አስመጣችኋለሁ» ብሎ ጅቡቲ ትቷቸው... በዚያው ቀረ።

«ያቺ ልጅ እናቴ ናት» አሉኝ። «እስክትሞት ስሙን አልጠራችም። ጥሎን ሄደ ነው የምትለው። እኔ የመጣሁት ለማን ብሎ እንደተዋቸው ለማወቅ ነው።»

እኔም መንገድ ስወጣ በር ላይ ቆማ የምታለቅስ ልጅ አለችኝ።

እዚያ ሰፈር የባቡር ነገር ከተነሳ የሚኬደው እማማ ጥሩወርቅ ጋ ነው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፣ አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ማዳምን ይዤ ሄድኩ። እማማ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና ክንዴን ጎተት አድርገው በጆሮዬ፣

«ሙሴ ኤሚል ነው! አባቴ ዘንድ ይኸው ፎቶ ነበር። ምኑ ናት?»

«የልጅ ልጁ ናቸው።»

«ሞቷል እንዳትላት!»

«እማማ፣ ሰውየው ቢኖር እኮ መቶ አርባ ዓመት አልፎታል!»

«ቢያልፈውስ? አሳዳጊ የበደለህ! መርዶ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ በቁሟ ይነገራል? ነገ በማለዳ፣ ሰው ጠርቼ፣ አስቀምጬ ነው የምነግራት።»

ማዳም መሃላችን ቆመው «ምን አሉ? ያውቁታል?» ይሉኛል። መርዶን በፈረንሳይኛ ወደብ ላይ ማን ያስተምርሃል? «ያውቁታል» አልኩ። «ታዲያ የት ነው?» ላብ በላብ ሆንኩ። «ትንሽ... አሞታል» ብዬ ቁጭ! ሴትዮዋ አፍጥጠው አዩኝና በሳቅ ፈነዱ።

እማማ ሳቁን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን፣ ምንም አልጠረጠረችም» አሉ።

ከሰዓት በኋላ የእድሩን ዳኛ አስጠርተው ድንኳን ይጣልልኝ አሏቸው። ዳኛው «እማማ፣ ሟቹ እኮ መዝገብ ላይ የለም» ቢሉ፣ «እድሩ ሳይቋቋም ሞተ፣ ምን ያድርግ?» ብለው ድንኳኑን አስወጡ።

እሁድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «እማማ የሚነግሩዎት አለ» ብዬ ማዳምን ካረፉበት አመጣኋቸው። የእማማ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ አግዳሚው ሞልቷል፣ ባለሱቁ ሸምሱ እንኳ ሱቁን ሳይከፍት መጥቶ ተቀምጧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አሁን ማዳም አልሳቁም።

እማማ እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። እኔ መሃል ላይ ተንበርክኬ እተረጉማለሁ።

«ልጄ፣ አያትሽ ቤቱን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ይቺው ኋላ አባቴ የገባባት፣ እኔም የተወለድኩባት ቤት ናት። እናንተን ሊያስመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለሥራ አዋሽ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ያስታመመው አባቴ ነው። በትኩሳቱ፣ ባቡር በጮኸ ቁጥር "መጡ!" እያለ ካልጋው ይነሳል። እግሩ እምቢ ሲለው አባቴ አዝሎት ጣቢያ ይወርዱ ነበር...»

«አዝሎት» የሚለውን በፈረንሳይኛ አላውቀውም። ዞሬ ጀርባዬን አሳየኋቸው።

«የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያይና "በሚቀጥለው ይመጣሉ" ይላል። በስምንተኛው ቀን አረፈ። ሌላ ሴት አልነበረችም። ሌላ ልጅም የለም። የፈረንጆቹ አለቃ ለሚስቱ እጽፋለሁ ብሎ ነበር፣ ለካ አልጻፈም። አባቴ ፊደል አልቆጠረ፣ አገራችሁን አያውቅ፣ ማንን ያርዳ? "ወገኖቹ የመጡ እንደሆነ በወጉ አርጂያቸው" ብሎኝ ሞተ። ይኸው ልጄ፣ ነገርኩሽ።»

ማዳም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው «እናቴ! እናቴ!» አሉ። የሚያለቅሱት ሳታውቅ ለሞተችው እናታቸው ነው። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ይለቀሳል? ይለቀሳል! እኔም አለቀስኩ፣ ደግሞም አላፍርም።

ንፍሮው ተቀምሶ ሰው ረጋ ሲል የማዳም ስልክ ጮኸ። ታናሽ ወንድማቸው ነው፣ ከፈረንሳይ። «እህ፣ ምን አገኘሽ?» ሲል ለኔም ይሰማኛል። ማዳም ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ... አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ፣ እማማን አዩ።

«ስመጣ እናወራለን» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «በማለዳ ሄጄ፣ ጎረቤቶቹን ሰብስቤ ነው የምነግረው» አሉኝ።

እናንተዬ፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ምንም ያልሰማ ሽማግሌ አለ፣ ሰሞኑን በንጋት በሩ ይንኳኳል... እግዜር ያጽናው።