መርዶ አይደለም፣ ኡኡታ ነው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና የጆሮ ማዳመጫ ተሰጠኝ። ቢሮው ሚዛን ተፈሪ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ነበር፤ መስኮቱ ሥር ባጃጆች ተሰልፈው ይቆማሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ስልክ አነሣ የነበረው «ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» ለማለት ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደረጀ ከወንበሬ አጠገብ ቆመው ሥራውን አሳዩኝ። «ደንበኛ ሲደውል ከሁሉ በፊት ስምሽን ተናገሪ» አሉኝ።

«የድርጅቱን ስም አይደለም?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ድርጅቱንማ ሲደውል ያውቀዋል። ከማን ጋር እንደሚያወራ ይወቅ።»

የመጀመሪያው ስልክ ከሸኮ በኩል መጣ። መስመሩ ይቆራረጣል። ሰውዬው «ማን ልበል?» ይላል፣ ስሜን እነግረዋለሁ፣ አይሰማም። በመጨረሻ «ጥሩወርቅ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰውዬው ሰማ፤ ከታች ያሉት ባጃጅ ነጂዎችም ሰሙ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር «ጥሩወርቅ ነኝ!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

የድርጅታችን ሥራ ቡና አምራቹንና ገዢውን በስልክ ማገናኘት ነው። አምራቹ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ስንት ጆንያ ጀንፈል እንዳለውና የት እንዳስቀመጠው ነግሮን ይመዘገባል። ጀንፈል የምንለው ሳይፈለፈል ከነገለባው የደረቀውን ቡና ነው። ገዢ ሲገኝ ደውለን ዋጋ እንነግረዋለን፤ ከተስማማ መኪና ሄዶ ይጭናል፤ ክፍያው በማግስቱ በባንክ ይገባለታል። ሰው ቡናውን አስጭኖ ባዶ እጁን የሚያድረው እኛን አምኖ ነው።

መመዝገቡ ቀላል አልነበረም። በዚህ አገር ሰው ጎተራው ውስጥ ያለውን ለጎረቤቱ እንኳ አይናገርም። አንድ ሸምገል ያለ ደንበኛ ጥያቄው ሲበዛበት «ይሄን ሁሉ የምትጠይቂኝ ልጅሽን ልትድሪልኝ ነው?» አለኝ። «አስቤ ነበር፤ ጆንያህ አነሰብኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ በደወለ ቁጥር «እንደምን አለሽ አማቴ» ነው የሚለኝ።

ማርታ የተመዘገበችበትን ቀን ግን አልረሳውም። ከሚዛን ብዙ ከማይርቀው ከሸዋ ቤንች የመጣች ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ቡናውን ብቻዋን ይዛ ልጇን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር። አፏን የፈታችው በቤንችኛ ነው፤ አማርኛውን ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየመረጠች ትናገራለች። የጆንያውን ብዛት ስጠይቃት ተነሥታ መጥታ በጆሮዬ አንሾካሾከችልኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

«ወንድሜም አያውቅም። ላንቺ ነው የነገርኩት» አለች።

«ኮምፒዩተር ውስጥ ነው የሚገባው፣ ማርታ።»

«ኮምፒዩተሩ ያንቺ አይደለም?»

«ነው» አልኳትና ጻፍኩት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ከተራ ሠራተኛነት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ሆንኩ። ደንበኛ ሲደውል ገጹን እከፍታለሁ፤ ቀበሌውን ጠይቄ ራሱ መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ከዚያ ነው ዋጋ የምናገረው። ብዙዎቹን ግን «ሃሎ» ሲሉ ነበር የማውቃቸው፤ እነሱም እኔን እንዲሁ። ሥራዬን እወደው ነበር።

አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ ቡናው ደርቆ ጎተራ በገባበት ሰሞን፣ ገና ሥራ እንደገባን ከቴፒ መንገድ አንድ ደንበኛ ደወለ።

«መኪናችሁ ዘገየሳ» አለኝ።

ገጹን ስከፍት ለእሱ የተያዘ መኪና የለም። «ማን ነው መኪና ይመጣል ያለህ?»

«ከእናንተ ነዋ! ስሜን ከነአያቴ ጠራው። ስንት ጆንያ እንዳለኝ፣ ጎተራዬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ መሆኑን ሁሉ ያውቃል።»

«የእኛ አይደለም፤ ምንም እንዳታስጭን» አልኩትና ወደ ሙስጠፋ ሮጥኩ።

ሙስጠፋ የኮምፒዩተር ባለሙያችን ነው። የጅማ ልጅ ነው፤ ጨዋታ ይወዳል፤ ካልቀለደ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ጠዋት ሳይቀልድ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«እትዬ ጥሩ፣ ገብተውብናል» አለኝ በመጨረሻ። «ሥራ በለቀቀ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ነው የገቡት። የደንበኞቹን መረጃ እንዳለ ገልብጠው ወስደውታል።»

የማርታ ሹክሹክታ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

አቶ ደረጀ ሁለታችንን አስገብተው በራቸውን ዘጉ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ጉዳዩ እስኪጣራ ለማንም እንዳይነገር ነበር፤ ለደንበኞች የሚነበብ ደብዳቤ ተረቅቆ ይላካል ተባለ።

«መቼ?» አልኳቸው።

«ሲጣራ።»

«እስኪጣራ ቡናው በየጎተራው ይቆያል እንዴ?»

አቶ ደረጀ ክፉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ጥሩወርቅ፣ መርዶ እንኳ ዝም ተብሎ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማለዳ ቤት ድረስ ተሄዶ፣ ተረጋግቶ ነው። የእናቴን ሞት አንድ ያልበሰለ ሰው በስልክ ሲያረዳኝ መናኸሪያ ውስጥ ነበርኩ። ዛሬም ከዚያ መናኸሪያ አልሳፈርም። ደንበኞቼን እንደዚያ ላድርጋቸው?»

አሳዘኑኝ። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም። «መርዶ የሚቆየው ሟች ስለማይመለስ ነው» አልኳቸው። «ይሄ ገና አልሞተም። ሌባው ግቢ ውስጥ ነው። ሌባ ግቢ ሲገባ ጎረቤት ኡኡ ይላል እንጂ ዘመድ ሲሰበስብ አይውልም።»

«ኡኡ ብለን ደንበኛው ቢሸሸንስ?»

«ቡናው ከሄደማ ደንበኛው አብሮ ሄዷል።»

«ምን ብለን እንናገራለን? ማን እንደገባ አናውቅም። ስንቱ ጋ እንደደወሉ አናውቅም። ያልተጣራ ወሬ ልንነዛ ነው?»

ይህንና ያንን ስንባባል ረፈደ። ሙስጠፋ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። በመሃሉ ስልኬ ጮኸ። ማርታ ነበረች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ ጥሩ፣ እንዴት አደርሽ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና?»

«ደህና፣ ማርታ። ምነው?»

«የእናንተ ሰው ደወለልኝ። ከሰዓት መኪና ይመጣል፣ ቡናሽን ደጅ አውጪ አለኝ። ድምፁን አላውቅም። ግን የጆንያዬን ቁጥር ያውቃል። እኔ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት። ስለዚህ የእናንተ ነው ብዬ አሰብኩ። አንቺ አውጪ ካልሽ አወጣለሁ።»

አቶ ደረጀን አየኋቸው። እሳቸው ስልኩን ያያሉ። ደብዳቤ ማዘግየት ሌላ ነው፤ ሰው አምኖ ሲጠይቅህ መዋሸት ደግሞ ሌላ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ማርታ፣ ሥራ አስኪያጁ ደረጀ ነኝ። እኛ ማንንም አልላክንም። የነገርሽን ነገር ከእኛ ተሰርቋል። ቡናሽን እንዳታወጪ። ጎረቤት ጥሪ፤ ብቻሽን እንዳትሆኚ።»

«እሺ» ብላ ዘጋችው።

አቶ ደረጀ ቀና አሉ። «ሌሎቹም እንደሷ ናቸው» አሉ። «ደውሉ። ከአዲስ አበባ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።»

ሙስጠፋ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አጭር መልእክት እንላክ አለ፤ ወዲያው ግን ራሱ ተወው። ሌቦቹም በድርጅቱ ስም መልእክት እየላኩ እንደሆነ ከደንበኞች ሰምተን ነበር። የትኛው የእኛ፣ የትኛው የእነሱ እንደሆነ ገበሬው በምን ይለያል?

አቶ ደረጀ ራሳቸው አንድ ስልክ አንሥተው ቴፒ ላሉ ሽማግሌ ደወሉ። በዚያ ባማረ አማርኛቸው ነገሩን አስረዱ።

«አንተ ሌባ!» አሉ ሽማግሌው። «ትናንት የደወለውም እንዳንተ ጨዋ ነበር!» ዘጉት።

ደግመው ደወሉ። ደግመው ተሰደቡ፤ ሁለተኛው ስድብ ከአባታቸው ነበር የጀመረው። ስልኩን አቀበሉኝ።

«ጥሩወርቅ ነኝ» አልኩ።

«እንደሱ በይ እንጂ! ቅድም አንድ ወሮበላ ሥራ አስኪያጅ ነኝ እያለ ሲያደርቀኝ ነበር።»

በጭንቀት መሃል ሦስታችንም ሣቅን። መንገዱ የተገኘው ግን እዚያ ላይ ነው። ደንበኛው ድምፁን የሚያውቀው ሠራተኛ እንዲደውል ተደረገ፤ ሸኮኛ ተናጋሪው ለሸኮ፣ ቤንችኛ ተናጋሪዋ ለቤንች፣ ካፊኛ ተናጋሪው ለካፋ ሰው። የምንለው አጭር ነበር። የሰጠኸን መረጃ ተሰርቋል፤ መኪና አልላክንም፤ ማን እንደሰረቀ ገና አላወቅንም፤ ስናውቅ ደግመን እንደውላለን።

ስልክ ላልተነሣልን የቅርብ ሰው ባጃጅ ነጂዎቹን ላክን። እነዚያ ሲያሾፉብኝ የኖሩት ልጆች ነገሩን ስነግራቸው አንዱም ዋጋ አልተከራከረኝም። የደንበኛው በር ላይ ደርሰው «"ጥሩወርቅ ነኝ" ናት የላከችኝ» ይሉ ነበር አሉ። ሰው በዚህ አመነ። ስድብ ብዬ የያዝኩት ስም እንዲህ ያገለግላል ብዬ አስቤም አላውቅ።

አመሻሹ ላይ ማርታ ደወለች።

«መጡ» አለች። «ጎረቤቶቼ የቡናውን ሥር ሊመነጥሩ የያዙትን ገጀራ እንደያዙ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ሾፌሩ አየና መንገድ ተሳስተን ነው አለ። መንገዱ እኔ ቤት ያልቃል፤ ወዴት ልትሄዱ ነበር አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ዞሮ ሄደ። ታርጋውን ጽፈን ለፖሊስ ሰጠን።» ሣቀች፤ ሣቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ለብዙዎቹ ደረስን። ለአቶ ተረፈ ግን አልደረስንም።

አቶ ተረፈ የሸኮ ሰው ነው። ስንደውልለት ጎተራው ባዶ ነበር። በማግስቱ ቢሮ ድረስ መጣ። ይጮህብናል ብለን የጠበቅነው ሰው ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አለ።

አቶ ደረጀ አልዋሹም። «ጠዋት፣ ሥራ እንደገባን።»

«እኔ ያስጫንኩት ረፋድ ላይ ነው።»

እኛ በር ዘግተን ስለ መርዶ ስንከራከር የነበረው በዚያ ሰዓት ነው።

«ቡናውስ ይሁን፣ ዘንድሮ ቢሄድ ለከርሞ ያፈራል» አለ። «እናንተ እያወቃችሁ እኔ ለሌባ ጆንያ ሳሸክም ማርፈዴ ነው ያንገበገበኝ።»

አቶ ደረጀ ከአዲስ አበባ ጋር ተጣልተውም ተማልደውም የአቶ ተረፈን ቡና ድርጅቱ እንዲተካ አደረጉ። ደብዳቤው በመጨረሻ ሲመጣ አማርኛው ያማረ ነበር፤ ውስጡ ያለውን ግን ደንበኞቻችን ከእኛ ከሰሙት ቆይተዋል። የተፈራው ሽሽትም አልመጣም። ጥቂቶች ተዉን፤ የቀሩት «ነገራችሁናል» ብለው ቆዩ። አቶ ተረፈም ቆየ። ብቻ ከዚያ ወዲያ ስንት ጆንያ አለህ ስለው «አለ» ነው የሚለኝ። ቁጥሩን ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልነገረኝም፤ እኔም አላስጨነቅሁትም።

አሁን ቤቴ ነኝ። በወንበሬ የተቀመጡት ወጣቶች አንዳንዴ ይጠሩኛል፤ ስለ መረጃ ስርቆት ሲሠለጥኑ፣ አሁን ለደንበኛ የሚነገርበትን ጊዜ የሚወስን ሕግ ወጥቷልና፣ በሰዓቱ ይከራከራሉ። በስንት ሰዓት ውስጥ ነው ለደንበኛ መንገር ያለብን ይሉኛል። ሕጉን አንብቡ፣ ግን እሱ የመጨረሻው ገደብ ነው እላቸዋለሁ። ከጠዋት እስከ ረፋድ ያለው ጊዜ የአንድ ሰው የዓመት ልፋት የሚያልቅበት ሆኖ አይቼዋለሁ።

ማርታ ዛሬም ትደውልልኛለች። የማታውቀው ቁጥር በደወለላት ቁጥር «እትዬ ጥሩ፣ ይሄ ሰው የእውነት ነው?» ትለኛለች። ጡረታ ወጥቻለሁ ብላት አትሰማኝም። ቢሮ ደውዬ አጣርቼ እነግራታለሁ።

ለደንበኛ የሚነገረው ድርጅቱ ባወቀበት ሰዓት ነው። ያን ሰዓት ያልታወቀው፣ ሲታወቅ በሁለተኛው ስልክ ይደርሳል።