በራችንን ወደ ባቡሩ ያዞርን ጊዜ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ገበሬው በመንደር ይሰብሰብ በተባለበት ወቅት ነው። ሰው እንደ አዋቂ ቆጥሮ ምክር በጠየቀኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከሰቃ ከተማ ወጣ ባለች የቡና ቀበሌ አስተማሪ ነበርኩ። ሰዉ ከጥንት የሰፈረው ወንዙን ተከትሎ ነው። አንድ ቀን ቀያሾች መጡና ኮረብታው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማ በመስመር ተክለው ሄዱ። ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። ቤታችሁን አፍርሳችሁ ካስማው አጠገብ ሥሩ የሚል ትእዛዝ ብቻ ተከተለ።

ካስማው የባቡር ሐዲድ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ባቡር ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባ ነጋ የሚባሉ ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጡ።

"ማሎ፣ እባክህ መምህር፣ ቤት ከባቡር ምን ያህል ይራቅ?"

"ሠላሳ እርምጃ ይበቃል" አልኳቸው። "በሩ ግን ወደ ሐዲዱ ይዙር። ቡና ለመጫን ይመቻል።"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ስለ ፉጨቱ አወራሁ፣ ስለ ጭሱ አወራሁ። ከወንዛቸው መለየት ያንገበገባቸው ሰዎች ፊታቸው ፈካ። ሁሉም በሩን ወደ ካስማው አዞረ።

ቤቶቹ ተሠርተው እንዳለቁ አንዱ ቀያሽ ተመለሰ። ረድፉን አይቶ ደርቆ ቀረ።

"በሩን ለምን በዚህ በኩል አደረጋችሁት?"

"ለባቡሩ ነዋ" አሉ አባ ነጋ።

"የምን ባቡር? ይሄ እኮ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚቆፈርበት መስመር ነው!"

የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞረ። "ይሄ አሻጥር ነው! እሰሩት!" አለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ሰው ታስበላ ነበር።

አባ ነጋ መሃላችን ገቡ። "ስለ ባቡር ጠየቅነው፣ ስለ ባቡር መለሰ። ስለ ሽንት ቤት ማን ጠየቀው? ያንተስ በር ወዴት ነው የሚያየው?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። የሊቀመንበሩም በር ወደ ካስማው ነው፤ ያውም ከሁሉም ይሰፋል፤ ቡናውን ከነጆንያው ለባቡሩ ለማውጣት ተብሎ የተሠራ ነው። ቀያሹ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሊቀመንበሩም "በቃ፣ ሁሉም በጓሮው በኩል ሌላ በር ያውጣ" ብሎ ሄደ።

በኋላ የመሰብሰቡ ትእዛዝ ቀርቶ መንደሩ ሲፈርስ ሰዉ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ወረደ።

ዛሬም ሳስታውሰው እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን አፍራለሁ። ያኔ "እኔም አላውቅም" ብል ምን ነበረበት?